ዝግ ያለ ጥምዝ

እዚህ ውጭ አገር፣ ክሪስታል ሲቲ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ አደን ካስለመደኝ በኋላ፣ ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ልገዛ ቆረጥኩ። ሻጩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ በጠመንጃው ቱቦ፣ በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጸው ጥይት የሚያሽከረክር ጥምዝ ፈጣን ይሁን ወይስ ዝግ ያለ? ፈጣኑ ረጅም ጥይት አሽከርክሮ ሩቅ ያደርሳል። ዝግ ያለው የሚስማማው ለድቡልቡል የእርሳስ አረር ነው፤ እሱ ደግሞ ከቅርብ ካልሆነ አይታመንም።

«ፈጣኑን ያዝ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ ጓደኛዬ።

ያስጨነቁኝ ላንድማርክ ሰፈር ቤታችን አብረውን የሚኖሩት የሚስቴ አባት፣ አማቼ ናቸው። በስመ አብ ያልተባለበት ሥጋ አይቀምሱም። «አባባ፣ ከመተኮሴ በፊት በስመ አብ ብልስ?» ብላቸው አሰብ አደረጉና፣ «አጠገብህ ከሆነ ይሁን። ከማዶ ሆኖ የተባረከ ከብት ግን አላየሁም» አሉ።

ዝግ ያለውን ገዛሁ። ጓደኛዬ ተናደደ፤ እኔ ግን አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

የገና ጾም ሳይገባ ጫካ ወረድን። ዛፍ ተደግፌ ስጠብቅ አንዲት አጋዘን እየጋጠች መጣች፤ የአፍንጫዋ እርጥበት እስኪታየኝ ቀረበች። አነጣጥሬ በሹክሹክታ «በስመ አብ ወወልድ» ስል ጆሮዋን ቀሰረች። መንፈስ ቅዱስ ላይ ሳልደርስ የለችም።

«በፈጣኑ ቢሆን ከሩቅ ሆነህ እንደ ልብህ ትጸልይ ነበር» አለኝ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ።

ቤት ገብቼ ለአማቼ ነገርኳቸው።

«ሰምታህ ነው የሄደችው?»

«አዎ አባባ።»

«በስመ አቡ ደርሷታላ! በል ጠመንጃውን እንዳትለውጠው።»

እኔስ መች አሰብኩና!