ጋቢ የለበሰው ቃሪያ

መምህር አረጋዊ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያለ ሰሌዳ ላይ ሲያሰምር ስለኖረ ብርድ የማይወደውን ተክል ሁሉ በስሙ ያውቀዋል። ጉዱን ያፈላው አፉ ነው። መጋቢት ላይ የጽዋ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ጎረቤቱ አስገዶም፣ «የዘንድሮ ቃሪያ ማቃጠል ተወ» ብሎ ሲያማርር፣ አረጋዊ ዘሎ «እኔ እዚሁ ግቢዬ አበቅላለሁ» አለ።

«በዚህ ብርድ? አንተ ቃሪያ ካበቀልክማ እኔ ጣሪያዬ ላይ ሙዝ እተክላለሁ!» አለ አስገዶም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አረጋዊን ያንገበገበው ሳቁ ነው። «ለፍልሰታ ተራው የኔ ነው። ስንጉን የምትበሉት ከራሴ ቃሪያ ነው፤ አፋችሁ እየነደደ ካልወጣችሁ መምህር አትበሉኝ!»

በአሮጌ የቀለም ባልዲዎች አሥራ አራት ችግኝ ተከለ። አሥራ ሦስቱን የሰኔ ዝናብና የጎረቤት በግ ተካፈሏቸው። የቀረውን አንዱን ሲመሽ ጋቢውን ያለብሰው ጀመር።

«እኔም እኮ ይበርደኛል» አለች ሚስቱ ደብሪቱ።

«አንቺ የአገሩ ተወላጅ ነሽ። እሱ የቆላ ልጅ ነው።»

በረዶ የጣለ ቀን ጃንጥላውን ለባልዲው ዘርግቶ ራሱ ተቀጠቀጠ። ፊት ለፊት የተሠራው ፎቅ ግቢውን ስለጋረደበት ደግሞ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ባልዲውን ታቅፎ መስቀል አደባባይ ድረስ ይሄዳል። ስፖርት የሚሠሩት ወጣቶች «ፋዘር፣ ቃሪያው ዛሬ ስንት ዙር ሮጠ?» ይሉታል። እሱ ባልዲውን ወደ ፀሐይ ያዞራል።

ነሐሴ ላይ ፍሬ መጣ። አንድ ፍሬ! በማኅበሩ ቀን ደብሪቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ሞልታ ሰነገችው። አረጋዊ ጓዳ ገብቶ ጫፉን ቀመሰ። አላቃጠለም። ጭራሽ ካሮት ካሮት ይላል። አምስት ወር ሙሉ በብርድ የተንቀጠቀጠው ለካሮት ነው? እንባው መጣ።

ቃሪያው ለአሥራ ሁለት ሰው ተቆራርጦ ቀረበ። ሁሉም አስገዶምን ያያል። አስገዶም ድርሻውን ጎረሰ፣ አኘከ፣ ቆም አለና አረጋዊን አየው። አረጋዊ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል፤ ጋቢው አሁንም ባልዲው ላይ ነው።

«ኡፍ!» አለ አስገዶም ድንገት። «ውሃ! ውሃ አምጡልኝ! ሚጥሚጣ ነው እንዴ ያበቀልከው?»

አሳለ፣ ምላሱን አውጥቶ አራገበ። ሌሎቹንም ይሉኝታ ያዛቸውና ተራ በተራ ያስሉ ጀመር። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ሳይቀሩ በነጠላቸው ፊታቸውን አራገቡ።

አረጋዊ ውሃ ቀድቶ ለአስገዶም በሁለት እጁ አቀረበለት።

«አቃጠለህ?»

«አፌ ተላጠ» አለ አስገዶም፣ ዓይኑን ሳይሰብር።

በማግሥቱ አስገዶም ጣሪያው ላይ ወጥቶ ባልዲ ሲያስተካክል ታየ። ባልዲው ውስጥ የሙዝ ችግኝ አለ። አረጋዊ ጋቢውን ከቃሪያው ላይ ገፈፈና መሰላል ተሸክሞ ወደዚያው አቀና።

«ጋቢው ወደ ቤት የሚገባው መቼ ነው?» አለች ደብሪቱ ከበሩ።

«ታገሺ» አላት። «ሙዝም የቆላ ልጅ ነው።»