የእህቴ የዘነበች ቸርነት በምርመራ ክፍል ደጃፍ

በጨዋታችሁ ዕድሜዬን የምታረዝሙልኝ ክቡራን ወዳጆቼ ሆይ፣ ዛሬ በሶዶ ስታዲየም ለጥቂት ሽንት የቀለጠው እልልታ ለአንደኝነት ከቀለጠው እንደበለጠ ስነግራችሁ ሽማግሌው ጃጀ አትበሉኝ።

የልጅ ልጄ ብርሃነሽ በአሥር ሺህ ሜትር አሸንፋ ገና ላቧን ሳትጠርግ፣ አንዲት ትሑት መርማሪ ቀርባ፣ አበረታች ቅመም አለመውሰዷ ይረጋገጥ ዘንድ በዓይኗ ፊት የሽንት ናሙና እንድትሰጥ ጠየቀቻት፤ ሳትሰጥ ብትሄድ ግን እንደ እምቢታ ተቆጥሮ ድሏ ሊሰረዝ እንደሚችል አስረዳችን።

ልጅቱ ግን ውሃዋ ሁሉ በላብ አልቆ ነበርና፣ የታሸገ ውሃ እየከፈተች ብትጠጣ፣ ብትጠጣ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብ የሚል ጠፋ።

ለደስታው ከቦዲቲ የመጣችው እህቴ ዘነበች በመጨረሻ ብድግ አለች።

«ዶክተርዬ፣ ልጄን አታስጨንቂያት! እኔ አያቷ እያለሁ? እኔ ልስጥላት፤ ደማችን እንደሆነ አንድ ነው!»

«እማማ፣ እርስዎም ሮጠዋል እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«ከመናኸሪያ እስከዚህ በእግሬ ነው የመጣሁት!»

ብርሃነሽ በሳቅ ፍርስ አለች፤ ሳቁም እምቢ ያለውን ውሃ ቀሰቀሰውና «ዶክተር፣ ቶሎ ነይ!» ብላ ወደ ክፍሉ በረረች፤ መርማሪዋም ተከትላት በረረች።

ናሙናው በሁለት ብልቃጥ ተከፍሎ መታሸጉ ሲነገረን ዘነበች ግቢውን በእልልታ አናወጠችው (ዕድሜ ልኬን ሰዋስው ያስተማርሁት እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ አብሬ ጨፈርሁ)።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከእናንተ መካከል እንዲህ የተመረመረ አትሌት ካለ፣ ናሙናውን እስኪሰጥ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ከዚህ በታች ይጻፍልን፤ ብርሃነሽ በእርሷ ብቻ የደረሰ መስሏት አፍራለችና።