ገንፎ የበላችው መኪና

አንደኛ ክፍል እያለሁ ባልሠራሁት ጥፋት ከትምህርት ቤት አባረሩኝ። የመኪና ማሞቂያ አበላሽቷል ተባልኩ። አላበላሸሁም። ፊደል ገበታው ላይ ግማሽ እንኳ አልደረስንም ነበር። የቀረውን ግማሽ የጨረስኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የማዘኛው ጊዜ አልፏል። በዚያ ዘመን ልጅ የነበራችሁ ግን ነገሩ እንዴት እንደተጀመረና እንዴት እንዳለቀ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

የምንኖረው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብለው ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። እኛ ልጆች ቁጥሩን ትተን በጠረናቸው ነበር የምናውቃቸው፦ አዲስ የታጨደ የክዳን ሣር፣ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር፣ በአገሬው ነባር ሰዎች በበርታዎቹ ግቢ በኩል ደግሞ ከዛፉ ሥር ወድቆ የኮመጠጠ ማንጎ። በጭቃ መኪና እንሠራለን፤ ጎማው የማንጎ ፍሬ ነው። ሞተሩ የኛ ከንፈር።

እውነተኛዋ መኪና አንድ ብቻ ነበረች፤ የሰፈራ ጽሕፈት ቤቱ አሮጌ ላንድክሩዘር። ቀለሟ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ሾፌሩን ጋሽ ዘለቀ እንለዋለን። ጠዋት ማታ ስለሚያጥባት የመንደሩ ሴቶች «ዘለቀ ያገባው መኪናዋን ነው፣ ሚስቱ እንግዳ ናት» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ወባ ያዘኝ። የወባን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፀሐይ አናት እየበሳች ጥርስ ይንገጫገጫል። አባቴ ይመር በጋቢ ጠቅልሎ ተሸክሞኝ ወደ መኪናዋ ሄደ። ጋሽ ዘለቀ ጋቢና አስቀመጠኝና ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ነገር ሳበ። ከቀዳዳው ሙቅ ንፋስ መጣ። የአሶሳን ሙቀት የሚያውቅ ሰው የመኪና ማሞቂያ እዚህ ለምኑ ነው ይላል። ለዚህ ነው። በኛ አገር ማሞቂያ የሚከፈተው ወባ ለሚያንቀጠቅጠው ሰው ብቻ ነበር። የተጠበሰ አቧራ፣ ናፍጣና ያረጀ ወንበር ይሸታል። እስከ ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ሽታ አላውቅም። ጋሽ ዘለቀ ላቡ በጀርባው እየወረደ ሆስፒታል እስክንደርስ መስኮት አልከፈተም። የሰውየውን ክፋት ከመንገሬ በፊት ይህን መናገር አለብኝ።

ከዳንኩ በኋላ መኪናዋ ቆማ ባገኘኋት ቁጥር መዳፌን ቀዳዳው ላይ እደቅን ነበር። ሞተሩ ካልተነሳ እንደማይሞቅ አላውቅም። ጋሽ ዘለቀ ያየኛል። «አንተ የይመር ልጅ፣ ቤታችሁ እሳት የለም እንዴ?» ይለኛል፣ እየሳቀ። ያኔ ይስቅ ነበር።

ጓደኛዬ አደም የበርታ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ወንዙ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን እነሱ ግቢ ስንጫወት መኪናዋ እየጨሰች መጥታ ቆመች። ጋሽ ዘለቀ ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎት ፊቱን ሸፈነው። ራዲያተሩ ተቀዶ ውሃው እየፈሰሰ ነበር። የአደምን እናት ሃዋን የማሽላ ዱቄት ለመናት። እሷ የራበው መስሏት ትኩስ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አወጣችለት።

«የለም የለም፣ ጥሬውን ዱቄት ነው የምፈልገው» አላት።

አመጣችለት። እየዘገነ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረው፤ ከላዩ ውሃ ሞላበት። ሃዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አየችው።

«ያ ዘለቀ፣ መኪና ገንፎ በላ?» አለችው፤ በርታዎች ሰው ሲጠሩ «ያ» ይላሉ።

«ይበላል። ሲፈላ ገንፎ ይሆንና ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

«ወጡስ? ባሚያ አይፈልግም?»

እኔና አደም መሬት ላይ ወድቀን ሳቅን። ግን እውነቱን ነው፣ ፍሳሹ ቆመ። ያኔ የዚህ አገር ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ጋራዥ ሩቅ ነው፣ ማሽላ ቅርብ ነው። ማታ ቤት ገብቼ «መኪናዋ ገንፎ በላች» ብዬ ሁሉንም አሳቅሁ። የሳቅሁበት ነገር እንደሚያስለቅሰኝ ማን ነገረኝ።

ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር የመምህር ገብሬን ሚስት ወባ ጣላት። እትዬ አልማዝ ትባላለች፤ ሁለቱም ከሸዋ ደጋ ተመድበው የመጡ ናቸው። ጋሽ ዘለቀ ጋቢና አስገባትና ማሞቂያውን ከፈተ። የመጣው ቀዝቃዛ ንፋስ ነው። አሶሳ እስኪደርሱ ሴትዮዋ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠች። ተርፋለች፤ እግዜር ይመስገን። መምህር ገብሬ ግን ሾፌሩን አፋጠጠው። ጋሽ ዘለቀ አንድ ሰው ያስፈልገው ነበር። «ያ የይመር ልጅ ሁልጊዜ ቀዳዳው ላይ ነው፤ ጨርቅ ጠቅጥቆበት ይሆናል» አለ። «ይሆናል» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ጠፋች።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ «ሰይድ ይመር» ተብሎ ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ሽልማት መስሎኝ ነበር። መምህር ገብሬ በተማሪው ሁሉ ፊት «ይህ ልጅ የሕዝብ ንብረት አበላሽቷል። በሽተኛ የሚያሞቅ መኪና ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቋል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር እንዳይገባ» አለ። «አልጠቀጠቅሁም» አልኩ። የባንዲራ መዝሙር ተጀምሮ ስለነበር የሰማኝ የለም። አባቴም ሄዶ አልተከራከረም። ሰፋሪ ከመንግሥት ሰው ጋር አይከራከርም ነበር። ማሽላው መሃል ማማ ሠራልኝና ዝንጀሮ ጠብቅ አለኝ። ከማማው ላይ ሆኜ የትምህርት ቤቱ ደወል ይሰማኛል። ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት ድምፁ ማሳውን አልፎ ይመጣል። እሱን ስሰማ ለዝንጀሮዎቹ የሚሆን ድንጋይ እጄ ላይ ይቀር ነበር።

አደግሁ፤ ሸክም ተሸከምኩ፤ ቆይቶም የማንጎ ነጋዴ ሆንኩ። መኪናዋ ከቢሮ ወደ ቢሮ ስትዞር አርጅታ በጨረታ ስትሸጥ ገዛኋት። እሷን ለምን ትሉኝ ይሆናል። ጠላቴን ግቢዬ አስሬ ላኖራት ፈልጌ ነው። አስነሳኋት፤ ማንጎ ጫንኩባት። ማሞቂያዋን ግን አንድም ቀን አልነካሁም። በሞቃት አገር ማንም አይነካውም፤ ከጋሽ ዘለቀ በኋላ የነዷትም አልነኩትም።

ባለፈው መስከረም ትንሿ ልጄን ዘሃራን ወባ ያዛት። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረውም እኔ በተባረርኩበት ትምህርት ቤት ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ባጃጅ እምቢ አለ። ጋቢና አስገብቼያት ስትንቀጠቀጥ፣ ሳላስበው እጄ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ያንን ነገር ሳበ። «አባዬ ዝጋው፣ ይበርዳል» አለችኝ።

ልጄ በመርፌም በኪኒንም ዳነች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማሞቂያውን ላሠራላት ፈለግሁ፤ መክፈቱን ደግሞ ፈራሁ። ሰው ጥፋተኛ ነህ ሲባል ኖሮ የገዛ እጁን ይጠራጠራል። ልጅ ነበርኩ፤ ጠቅጥቄ ረስቼው ቢሆንስ? ከፍቼ ጨርቅ ባገኝስ? ይህን ያህል ዓመት የተሸከምኩት ቂም ባለቤቱ እኔው ልሆን ነው።

አደምን ጠራሁት። አሁን የባጃጅ ባለቤት ነው፤ ካቻቢቴ አያያዝ ያውቃል። መጀመሪያ የራዲያተሯን ውሃ አየን፤ ሙሉ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እስኪግል ውሃውን የሚያግደውን ቴርሞስታት ፈለግን፤ የለም። ይህችም የአገራችን ልማድ ናት። ሜካኒኮች ሞተር እንዳይግል ብለው ቴርሞስታት ነቅለው ይጥላሉ፤ ሞተሩ ካልጋለ ደግሞ ማሞቂያው ሙቀቱን ከየት ያምጣው? ከገበያ ገዝተን አስገባን። ንፋሱ ትንሽ ተሻለው፤ ግን የሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው።

«ሳጥኑን እንክፈተው» አለ አደም። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ማለቱ ነው፣ ንፋሱ የሚያልፍበትን። ካቻቢቴውን ይዤ ስዘገይ ከእጄ ወሰደው። ከፈተው። አቧራ አለ። የደረቀ ቅጠል አለ። ተርብ የሠራችው የጭቃ ቤት አለ። ጨርቅ የለም። በጣቴ ጥግ ጥጉን ዳሰስኩ። የለም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንክ ያ ሰይድ?» አለኝ።

«ጨርቅ የለም» አልኩት።

«ታዲያ ያለቅሳል እንዴ ሰው?»

አላለቀስኩም። ላብ ነው።

ግን ጥፋቱ ገና አልተገኘም። ሞተሩን አስነስተን ከሞተር ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ያዝን። አንዱ እጅ ያቃጥላል፤ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። ሙቅ ውሃ ይገባል፣ አይወጣም ማለት ነው። በረድ እስኪል ጠብቀን ሁለቱንም ፈታንና የግቢውን ቧንቧ በመውጫው በኩል ሰክተን ውሃ ወደ ኋላ ለቀቅንበት። መጀመሪያ ዝገት የመሰለ ውሃ መጣ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ መኪናዋ እንደ ሽማግሌ አሳለችና ግራጫ ነገር እየቆራረሰች ተፋች። አደም አንዱን ቁራሽ አንስቶ በጣቱ አሸው። መሃሉ ላይ የቀይ ማሽላ ቅርፊት አለበት።

«ወላሂ ማሽላ ነው» አለ።

ተያየን። ዘለቀ ዱቄቱን ራዲያተሩ ውስጥ ሲጨምር እዚያው የሚቀር መስሎት ነበር። ውሃው ግን ይዞራል። ከሁሉም ቀጭን የሆነው የማሞቂያው ቧንቧ ነው፤ ገንፎው መጀመሪያ የደፈነው እሱን ነው። አደም ሮጦ እናቱን አመጣት። ሃዋ አሁን በከዘራ ነው የምትሄደው። ጎንበስ ብላ አየችውና «ያ ሰይድ፣ ያ የድሮው ገንፎ? ዛሬም አልጨረሰም መኪናው?» አለች። እንደ ልጅነታችን መሬት ላይ ወድቀን ሳቅን። መነሳቱ ነው ያስቸገረን።

ጋሽ ዘለቀ ከሞተ ቆይቷል። አልረግመውም፤ አልመርቀውምም። መምህር ገብሬ ግን ጡረታ ወጥቶ አሶሳ ነው የሚኖረው። ቁራሹን በሳህን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«የእትዬ አልማዝ ብርድ ነው» አልኩት። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ሁሉንም።

ቁራሹን በጣቱ ነካ አደረገው። «ዘለቀ ነው የነገረኝ» አለ።

«ሰልፍ ላይ የተናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ሽማግሌ ሆንኩ እኮ ልጄ። አሁን ምን ላድርግልህ?»

«በተናገሩበት ቦታ ይናገሩ።»

«የዛሬ ልጆች እኔን የት ያውቁኛል? አንተንስ?»

ከቤት ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፤ እትዬ አልማዝ ናት። ሁሉንም ሰምታለች። «የበረደኝ እኔ» አለች፣ «ልጅ ያባረርክ አንተ። ሰኞ ትሄዳለህ ገብሬ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ እንዳትጠፋ።»

ሰኞ ጠዋት ዝናብ ያባራበት ብርዳማ ቀን ነበር። ጋቢና አስገባኋቸውና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ያ ሽታ መጣ፤ የተጠበሰ አቧራ፣ ናፍጣ፣ ያረጀ ወንበር። እትዬ አልማዝ ሁለት መዳፏን ቀዳዳው ላይ ደቀነች። ትንሽ እንደሄድን «ሰይድ፣ ቀንሰው እንጂ፣ ላብ አጠመቀኝ» አለች። አልቀነስኩትም። የኔም ላብ በጀርባዬ እየወረደ ነበር፤ መስኮትም አልከፈትኩም።

የአሁኗ ዳይሬክተር ወጣት ናት። ነገሩን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን ተወች፣ ከዚያ «ይናገሩ» አለች። መምህር ገብሬ ሰልፉ ፊት ቆመ። ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። «እኔ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ልጅ አጥፍቷል ብዬ አባርሬያለሁ» አለ። «ልጁ አላጠፋም። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት።» ከኋላ አንዱ ተማሪ «ልጁ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። መምህር ገብሬ በከዘራው ወደኔ አመለከተ። ልጆቹ ዞረው ሽበቴን ሲያዩ ሳቃቸው ፈነዳ። ዘሃራ ብቻ አልሳቀችም። ከሰልፉ መሃል ሁለት ጣቷን አውጥታ ቆመች፣ እንደሚመልስ ተማሪ። መምህሯ «ምን ልትዪ ነው?» ስትላት «አባዬ ነው» አለች።

ያኔ እኔ ስናገር መዝሙር ሸፈነኝ። ዛሬ ልጄ ስትናገር ሁሉም ሰማ። ያኔ አባቴ ዝም አለ፤ ዛሬ እኔ ሳህን ይዤ የሰው በር አንኳኳሁ። የቀረብኝን ዓመት የሚመልስልኝ የለም፤ ይመለስልኛል ብዬም አልጠብቅም። መኪናዋን ግን አሁን የጠላት መኪና አልላትም። ወባ የያዘው የመንደር ልጅ ሲኖር አባቶች እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ጋቢና አስገብቼ ማሞቂያውን እከፍታለሁ። ራዲያተሯ ሲያፈስ ጋራዥ እወስዳታለሁ፤ የማሽላ ዱቄት ግን ቤቴ ለገንፎ ብቻ ነው።

ቸርኬው ዛሬም እዚያው ዛፍ ላይ ነው። ዳይሬክተሯ ብረቱን ሰጠችኝና መታሁት፤ ልጆቹ ወደ ክፍል ገቡ። ነገሩ ያለቀው ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ነው።