የጉማሬዋ ዝምታ

ሰኞ ማለዳ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። የጣናን ጉማሬዎች ድምፅ ሳጠና ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ጽሑፌ አልቋል፤ የቀረው "ጉማሬ ግልገሏ ሲሞትባት ዝም ትላለች፣ ወዲያውም ትረሳለች" ለሚለው ሐሳቤ ማረጋገጫ ማግኘት ብቻ ነው። ባሕር ዳር ያለ መምህር ጓደኛዬ ግልገሏ የሞተባት ጉማሬ መኖሯን በስልክ ነግሮኛል።

እኔም ሐሳቤን ማመን አልከበደኝም። ታናሽ ወንድሜ ታምራት ዘምቶ መርዶው ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ ከአርባው ወዲህ ስሙን አንሥታ አታውቅም። ተጽናናች ብዬ ነበር።

ማክሰኞ

ደብረ ማርቆስ አድረን ጉዞ ቀጠልን። መራዊ ሳንደርስ ኬላ ላይ አንድ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አየና ቴፔን አነሣ።

"ይሄ ለምንድን ነው?"

"ጉማሬ ልቀዳበት። ልጇ ሞቶባት ዝም ብላለች።"

"ኧረ በሞቴ! ዝምታ ለመቅዳት ነው ከአዲስ አበባ የመጣሽው?"

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ብግን አልሁ።

ረቡዕ

እስከ ዛሬ የምቀዳው ከዳር ሆኜ ነበር። ዘንድሮ ግን አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳቸው ወሰዱኝ። ግልገሉ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። ጉማሬዋ አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትሰምጣለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ድምፅ የለም። ማስታወሻዬ ላይ "ረስታለች" ብዬ ጻፍሁ።

"ምን ጻፍሽ፣ ልጄ?"

ነገርኋቸው።

"ውይ! ረስታለች ማን አለሽ?"

የመቅዘፊያቸውን ዘንግ ውኃ ውስጥ ነክረው ጫፉን ጆሯቸው ላይ አስደገፉ። የታንኳ ሰዎች ወደ ጥልቁ ከመግባታቸው በፊት እንዲህ ያደምጣሉ፤ ከሥር ያለ ጉማሬ እንዳይገለብጣቸው ነው። "እንኪ፣ ስሚ" አሉኝ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። መጀመሪያ የውኃው ሽውታ ብቻ ነበር። ከዚያ ወፍራም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ። ቆመ። ደግሞ መጣ። እናት ግልገሏን ስትጠራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቻለሁና አልሳትሁትም። እየጠራችው ነው።

"ከሞተ ጀምሮ እንዲሁ ናት" አሉ አያ ይማም። "ላይ ላዩን አይተሽ ነው እንጂ።"

አፈርሁ። ዘጠኝ ዓመት ማይክሮፎኔን ከውኃው በላይ ዘርግቼ ግማሹን ሳልሰማ ኖሬያለሁ። ዘንጉን ሳልመልስላቸው አለቀስሁ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ጽሑፌን አውጥቼ ያን ዓረፍተ ነገር ሰረዝሁት። አብረውት የሚወድቁ ብዙ ገጾች አሉ፤ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከዚያ ምስር ስትለቅም ከነበረችው እናቴ አጠገብ ተቀመጥሁ።

"እማዬ፣ እስቲ ስለ ታምራት አጫውቺኝ።"

እጇ ቆመ።

"የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እኮ ነው" አለች። ምስሩን ወደ ጎን አድርጋ ከተወለደበት ቀን ጀመረች።