የሚጮኸው ፓወር ሳፕላይ

ትናንት ቢሮ ውስጥ አሮጌውን ኮምፒውተር ስከፍተው ማራገቢያው አጉረመረመ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ኧረ በናትሽ ይሄን ጩኸት አስጠግኚው!» ብላ ተማረረች። እኔ ግን የታየኝ አቦከር ሰፈር የነበረው የልጅነት ቤታችን ነው፤ የጋለ ፕላስቲክ ሽታው ሳይቀር መጣብኝ።

ያኔ እኔና ታላቅ ወንድሜ ከፎም ቆርጠን የሠራናት ትንሽ አውሮፕላን ነበረችን። የባትሪዋ ቻርጀር ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይሰካም፤ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ቀንሶ የሚሰጠው ፓወር ሳፕላይ ይፈልጋል። ለዚህ ከተጣለ ኮምፒውተር የነቀልነው ነበረን፤ ከባድ፣ አቧራ የጠጣ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮኽ። አባታችን ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ከዋለ ዓመት አልፎታል። ማራገቢያው በተነሳ ቁጥር ፊቱን ወደ እኛ ክፍል ግድግዳ ያዞር ነበር። ጩኸቱ ያስመረረው መሰለኝና አንጀቴን በላኝ።

ወንድሜን ጎትቼ ኤረር በር አጠገብ ወደሚሠሩ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሁለት ፓወር ሳፕላይ አወጡልን፤ አንዱ ባለማራገቢያ፣ ሌላው ቀለል ያለ፣ ድምፅ የሌለው። ድምፅ አልባውን ሳነሳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ ልጄ፣ ይሄ ቶሎ ይግላል። የሚጮኸው ይሻላችኋል።»

ወንድሜም በእሳቸው ተስማማ። እኔ ግን ድርቅ አልኩ፤ «አባዬ ይረፍበት!»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዱን ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ትተን፣ በሌላው አውሮፕላኗን ልናበር ወጣን። እናታችን ሥራ ላይ ነበረች። ስንመለስ ጎረቤቶች በሩን ሰብረው አባዬን በብርድ ልብስ ተሸክመው ሲያወጡት ደረስን። ክፍላችን ከል መስሏል፤ አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ቀልጦ ከጠረጴዛው ተጣብቋል።

ሆስፒታል ውስጥ፣ አባዬ ጭሱ ድምፁን ዘግቶት፣ እጄን ይዞ ጠየቀኝ።

«ያ ማራገቢያ ምን ሆነ? ጭሱ ሲመጣ ስጠራችሁ ነበር... ቤት መኖር አለመኖራችሁን እንኳ አላወቅሁም።»

«ይረብሽሃል ብዬ ቀየርኩት፣ አባዬ።»

«እንደሚረብሸኝ ማን ነገረሽ? እሱ ሲጮኽ እኮ ልጆቼ ቤት ናቸው እላለሁ። እሱን እየሰማሁ ነበር የምውለው።»

በሳምንቱ ቀበርነው። ድምፅ አልባውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ወንድሜ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። እኔም ለሰው ስናገር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮምፒውተሩን አላስጠገንኩትም። ልጅቷ ለምሳ ስትወጣ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ፊቴን ወደ ድምፁ አዞርኩ።