የማይምለው መካኒክ

እስቲ ጎንደር ላይ «የማኪናዬን ኤሲ ሥሩልኝ» ብላችሁ ዙሩ፤ ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። «ብርዱ አነሰህ?» አለኝ አንዱ መካኒክ። ሌላው ደግሞ «በኮሶዬ መንገድ ኤሲ! ምነው፣ በረዶ ልትሸጥ ነው?» ብሎ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳቀብኝ። ሁለት ሳምንት ዞርሁ፤ ልቤ ውልቅ አለ።

እኔ ወንድምአገኝ ከጎንደር ዳባት አሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። የምፈልገው ጠፍቶኝ አይደለም። ክረምት ሲገባ ኮሶዬ ላይ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ከውጭ ጉም፣ ከውስጥ የአሥራ ሁለት ተሳፋሪ ትንፋሽ! የፊት መስታወቱ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ያን የሚያደርቀው ኤሲው ነው። እሱ ከሞተ በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዤ ነው የምነዳው። ከመንገዱ ጠርዝ ቀጥሎ ደግሞ ገደል ነው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሚስቴ ሰርካለም ናት። ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሰኞ እወስዳታለሁ፣ ዓርብ እመልሳታለሁ። ሐምሌን ሙሉ መስታወቱን ስትወለውል ከረመች። በመጨረሻ «ወንዴ፣ እኔ ገደል ገብቼ መሞት አልፈልግም። ካላሠራኸው ከአንተ ጋር አልሳፈርም» አለችኝ። ሰርካለም ካለች አለች ነው።

መካኒኩን አስናቀውን የጠቆሙኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ቄስ ስለ ማኪና ምን ያውቃል አትበሉ፤ የሰፈሩን ሰው ጠባይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። «የመሪጌታ ዕንባቆም ልጅ ነው። ቅኔውን ጥሎ ብረት ያዘ ብለው ያሙታል እንጂ እጁ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ከፒያሳ ወረድ ብዬ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። ቀጭን፣ ኮስታራ፣ የፍልሰታ ጾም ፊቱን ያከሳው ሰው ነው። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳይመልስ ኤሲው ውስጥ ትንሽ ጋዝ ሞላና ቧንቧዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባቸው። ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። አንዱ መጋጠሚያ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«እዚህ ጋ ያፈሳል። ጋዝ ብቻ መሙላት ዋጋ የለውም፤ ቧንቧው መለወጥ አለበት። ሦስት ቀን ተዋት።»

«ሦስት ቀን! ከዚያ በኋላስ አይበላሽም?»

«ያየሁትን እሠራለሁ። ያላየሁትን አላውቅም።»

«እስቲ ማልልኝ።»

«አልምልም።»

«ምነው?»

«ብረት ነው፤ ነገ የሚሆነውን አላውቅ። ስሙን በከንቱ አልጠራም።»

በእኛ አገር እንግዲህ በሬ ሻጩም ይምላል፣ ማር ሻጩም ይምላል። በሥራው የሚተማመን ሰው ለመሐላ አይሰስትም፤ የማይምል አንድ የደበቀው ነገር አለ። እኔም እንዲያ አስቤ ማኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ጅል!

ሌላ ጋራዥ ገብቼ ዋኘው የሚባል አፈ ቅቤ አገኘሁ። ገና ሳልጠይቀው «ሩፋኤልን! በአንድ ሰዓት አበርዳታለሁ» አለ። ጋዝ ሞላ፤ ኤሲው በረደ፤ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ለሰርካለም «ተሠርቷል» አልኋት።

ዓይን ዓይኔን እያየች «እርግጠኛ ነህ?» አለች።

«ሩፋኤልን! ከእንግዲህ ጨርቅ አትይዥም» አልሁ። የሰው መሐላ ተውሼ ማልሁላት።

ሰኞ ኮሶዬ ስንደርስ ኤሲው ትኩስ አየር ይተነፍስ ጀመር። ወዲያው መስታወቱ ተደፈነ። ኤሲውን ተማምኜ ጨርቁን ቤት ትቼዋለሁ። ሰርካለም በመዳፏ ስትጠርግ ከጉሙ ውስጥ እህል የጫኑ አህዮች ድንገት ብቅ አሉ። ፍሬን ይዤ መሪውን ጠመዘዝሁት። ማኪናዋ ተንሸራታ ቆመች። ከኋላ «ኧረ እመ ብርሃን!» ይላል ተሳፋሪው። ወርጄ ሳይ ከፊት ጎማው እስከ ገደሉ አፍ አንድ ክንድ አይሞላም።

ሰርካለም አልጮኸችም። ቦርሳዋን ይዛ ወረደችና «ምለህልኝ ነበር እኮ» አለች። ከዚያም በእግሯ መንገድ ጀመረች፤ ስትርቅ ሌላ ሚኒባስ ጫናት።

ያኑ ዕለት ወደ አስናቀው ተመለስሁ። የሆነውን ስነግረው «እንኳን ተረፋችሁ። ሦስት ቀን ተዋት» አለኝ። አላፌዘብኝም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ ማኪናዋን ተቀብዬ ሰርካለምን ላመጣት ወጣሁ። ኮሶዬ ላይ ጉሙ እንዳለ ነው፤ መስታወቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሏል። መደሰት ነበረብኝ፤ ድካም ብቻ ነው የተሰማኝ። ዳባት ተሳፋሪ ጭኜ፣ የፊቱን ወንበር ለእሷ ትቼ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቅኋት። ስትመጣ በሩን ከፈትሁላት። አልፋው ሄዳ ከኋላ በሁለት እህል ነጋዴዎች መካከል ተጠጋግታ ተቀመጠች።

«ኧረ ሰርኬ፣ ተሠርቷል እኮ! አስናቀው ነው የሠራው» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች። «አስናቀውን አምነዋለሁ።»