ማረሻ የተቀበረበት እርሻ

ልጅ ሳለሁ አራት ጥማድ መሬት ልናጣ ነበር። አራት ጥማድ ያኔ ለእኛ የዐሥራ አንድ ሰው ቀለብ ማለት ነው፤ ከአዲስ ቅዳም ከተማ በላይ ባለው ቀይ አፈር ላይ የነበረ የአክስቴ የየሺ ርስት። አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ወንድሟን፣ ማለትም አባቴን፣ ከነቤተሰቡ ሰብስባ መሬቷን ታሳርስ ነበር፤ ማታ ማታ እሳት ዳር ተረትና የድሮ ታሪክ የምትነግረንም እሷው ነበረች።

በዚያ ዓመት በእርሻ ወቅት አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣ። ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ መርፌ ያለበት ሣጥን እያስቀመጠ፣ በየሃምሳ እርምጃው ችካል እያስተከለ ኮረብታውን ቀጥ ብሎ ያቋርጣል። የቀበቶው ብረት መርፌዋን እንዳያሳስታት ሱሪውን የታጠቀው በገመድ ነበርና፣ ጎረቤታችን አያ ፈንታ አይቶት፣ «መንግሥት ይኼን ሁሉ መሣሪያ ሰጥቶ ቀበቶ ነሳው?» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ግን አልቆየም። መሐንዲሱ ከመሬት በታች የብረት ማዕድን እንደሚፈልግ ነገረን፤ በማግስቱ በእኛ እርሻ ስለሚያልፍ ማረሻና ማጭድ ከአካባቢው እንድናርቅ አዘዘ። ጭቃ ሹሙም ማዕድን ከተገኘ መሬቱ ለመንግሥት እንደሚሆን ጨመረልን። እኛ ከዚህ ሁሉ የተረዳነው፣ መሬትም ብረትም የሚወስድ ሰው መምጣቱን ነው።

ያን ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ የአክስቴን ግማሽ ፊት ብቻ እያበራ፣ ብዙ ጊዜ የሰማነውን ታሪክ እንደገና ነገረችን፤ በጠላት ዘመን እናቷ የመንደሩን ማረሻ በታረሰ እርሻ መካከል እንዴት እንደቀበረች፣ ወታደሮቹም ጎተራውንና ጣሪያውን ሲበረብሩ ውለው እርሻውን በጫማቸው እየረገጡት እንዳለፉ። «የታረሰ መሬት ሁሉም የተቆፈረ ነው፤ የቱን ይጠረጥራሉ?» አለችና ፍሙን እፍ አለችው። ከዚያ በኋላ ምክር የጠየቀ የለም። ሁሉም ማረሻውን ሊያመጣ ተነሳ። ማረሻዎቹ እርሻችን መካከል በተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ቆጠርኳቸው፤ ዐሥራ አራት ነበሩ።

በማግስቱ ሣጥኑ እርሻችን መካከል ሲቀመጥ መርፌዋ ዘለለች። መሐንዲሱ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየ፤ መዝገቡ ላይ ቁጥር ጻፈና፣ «እዚህ ነገር አለ!» ብሎ ቆፋሪዎቹን ጠራ። መርፌዋን ያዘለላት የቀበርነው ብረት መሆኑ፣ የሠራነውም ስሕተት፣ ለአክስቴ ያን ጊዜ ገባት። አባቴ ክንዷን ቢይዛት አስለቅቃው ወደ መሐንዲሱ ሄደች።

«ቆፍር ልጄ፤ ግን የሚወጣው የማን እንደሆነ አስቀድመህ በሰው ፊት ተናገር።»

«እመይቴ፣ ከመሬት በታች ያለው የመንግሥት ነው» አላት በትሕትና።

«ሰማችሁ አይደል?» አለችን ወደ እኛ ዞራ።

ሁለተኛው የዶማ ምት ብረት አገኘ። አንድ ማረሻ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። ጭቃ ሹሙ ፊቱን አዞረ። አክስቴ አንዱን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችና፣ «ይኼ የሰበራችሁት የፈንታ ነው፤ ይኼኛው የእኔ። መንግሥት የኔ ነው ካለ በሬውንም ይዞ ይምጣና ይረስ!» አለችው። መሐንዲሱ መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሱሪው እንዳይወልቅ ገመዱን ጨብጦ እስኪንበረከክ ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «የጻፍከውን ሰርዝና እንደገና ለካ» አለችው። ነገ ሌላ ቦታ ሥራ እንዳለው፣ ቢሮ ሲመለስ እንደሚያርመው ቢነግራት፣ ዐሥራ አራቱንም ማረሻ ሣጥኑ ሥር ከምራ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እንግዲህ ካልሰረዝክ ከነብረቴ ከዚህ አልነሳም። መርፌህ ስትዘል ትዋል!»

ሰረዘ። እሷ ማንበብ ስለማትችል እኔን ጠራችኝ፤ አዲስ ቅዳም አንድ ዓመት ተምሬ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መዝገቡን ዝቅ አድርጎ ሲያሳየኝ አየሁት፤ ቁጥሩ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። «ተሰርዟል» አልኩ። ያኔ ተነሳች፤ ማረሻዎቹ ራቁ፤ መሐንዲሱም እንደገና ለካ። መርፌዋ በሌሎቹ ችካሎች ላይ እንዳደረገችው ሁሉ ዝም አለች። «ተራ ድንጋይ ነው» ብሎ ጻፈና ዕቃውን አስጭኖ ሄደ።

አክስቴ ያንን የእናቷን ታሪክ ዳግመኛ አልነገረችንም። ብንለምናትም ሌላ ትጀምርልን ነበር። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ ሳስበው፣ እናቷን የጠቀመው ብልሃት እሷን ሊያጠፋት ምንም አልቀረውም ነበር፤ መሬቱን ያተረፈልን አልነሳም ማለቷ ነው። በእህል ንግድ ራሴን ስችል ብዙ ባለመዝገብ፣ «ግድ የለም፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎኛል። ቁጥሩን ሳላነብ አልፈረምኩም። ግትር ሴትዮ ሲሉኝም አልከፋኝም።

ሒሳቡ እንዲህ ይዘጋል፤ ያተረፍነው አራት ጥማድ መሬት ነው። የከሰርነው የአንድ ቀን እርሻ፣ ዶማው የሰበረው የአያ ፈንታ ማረሻና አንድ ታሪክ። ቀኑንና ማረሻውን ዛሬም ብጠየቅ ሳልከራከር እከፍላለሁ። ታሪኩን ግን ከእሷ አፍ አንድ ጊዜ ልስማው ብል የምገዛበት ገበያ የለም።